ደህናው እጇ ለምን ታሰረ

ጋምቤላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1986 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለእትዬ ዘሃራ፣ ካርቱም።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እዚህ ክረምቱ አልፏል፣ ባሮም ጎድሏል፣ እኛም በሕይወት አለን። እርስዎን በዚያ በአሸዋው አገር እመቤቴ በጥላዋ ታኑርልኝ፤ እርስዎም በዱዓዎ አይርሱን።

ወንድምዎ ጀማል በወባ ካረፈ ዓመት አለፈው። ከእኛ ጋር ከወሎ መጥተው የሰፈሩት ሽማግሌዎች ሰደቃውን አወጡለት። እኔ በሃይማኖት ባልመስለውም ሁሉም እንደ ቤተ ዘመድ አገዘኝ። ከዚያ ወዲያ ብቻዬን ማረስ ስላልሆነልኝ የሰፈራ መንደሩን ትቼ ከተማ ገባሁ። ክልሉ አዲስ በመሆኑ የሚጽፍ ሰው ይፈለጋል፤ ታይፕ መማሬ ጠቅሞኝ ከቢሮዎቹ በአንዱ ተቀጥሬያለሁ። ሥራ ስገባ ልጅቷን ጎረቤቴ ጥሩነሽ ትጠብቅልኛለች።

ትርንጎ ሁለት ዓመት ተኩል ሆናታል። ዓይኗ ቁርጥ የጀማል ነው። ትስቃለች፣ ትለፈልፋለች፣ ዘግይታም ቢሆን መራመድ ጀምራለች። የእናታችሁን ስም ስላወጣላት ሰው ሁሉ "እሜቴ ትርንጎ" እያለ ይቀልድባታል፤ እሷም አቤት ትላለች።

ብር አልጠይቅዎትም። አንድ ነገር ግን ላስቸግርዎ። ለትንሽ ልጅ የሚሆን ወፍራም የጥጥ ጓንት ቢያገኙ ይላኩልኝ። ጣት ጣቱ ያልተለየው ዓይነት ቢሆን ይሻላል። የግራው ብቻ ቢሆንም ይበቃኛል። ለምን እንደፈለግሁት ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ነጋዴው ሀሩን ነው። መልሱንም በእሱ እጅ ቢልኩልኝ ቶሎ ይደርሰኛል።

አክባሪዎ የሺአረግ


ካርቱም፣ ኅዳር 29 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለየሺአረግ፣ ለሟች ወንድሜ ባለቤት፣ ጋምቤላ።

አላህ አንቺንም ልጄንም ከክፉ ነገር ሁሉ ይጋርዳችሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የስፌት መኪናዬ ጤና ከሆነች እኔም ጤና ነኝ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ጓንቱ ላይ ስደርስ ግን አቆምሁ። የሺአረግ፣ እኔ ጋምቤላን አውቀዋለሁ። በሰባ ሰባት ከእናንተ ጋር በአንድ መኪና ተጭኜ መጥቼ፣ ድንበሩን ተሻግሬ እስክወጣ ድረስ ኖሬበታለሁ። ሰው ሌሊት አንሶላ ገፎ በሚያድርበት አገር ለልጅ ወፍራም ጓንት ምን ይሠራል? ደግሞስ የግራው ብቻ ይበቃኛል ማለት ምን ማለት ነው? እግዜር የሰጣት ሁለት እጅ አይደለም?

ካርቱም ገበያ እንዲህ ያለ ነገር ስለማይሸጥ ራሴ ሰፍቼ ልኬልሻለሁ። ሁለቱንም እጅ ሰፍቻለሁ፤ አንዱን ብቻ መስፋት እጄ እምቢ አለኝ።

ሌላም ነገር አለ። ጀማል በሕይወቱ ሳለ የላከልኝን ሦስት ፎቶዎች አውጥቼ አየኋቸው። በአንደኛው ልጅቷ በነጠላ ተጠቅልላለች። በሁለተኛው ጀማል አቅፏት ክንዱ ሸፍኗታል። በሦስተኛው ተደግፋ ቆማለች፣ አንቺ ግን ከጎኗ ተለጥፈሽ ቀሚስሽ ግማሽ ጎኗን ውጦታል። በሦስቱም ውስጥ ቀኝ እጇ የለም። ድሮ እንዴት ሳላየው ቀረሁ እያልሁ ራሴን ወቀስሁ።

ሰው የሚሸፍነው ያፈረበትን ነው። ልጄ ምን ሆናለች? እውነቱን ጻፊልኝ፣ ፎቶም ላኪልኝ። ሁለት እጇ የሚታይበት ፎቶ ይሁን።

ዘሃራ


ካርቱም፣ ጥር 20 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለየሺአረግ።

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ከአንቺ መልስ ስጠብቅ መልሱ ከሌላ ሰው መጣልኝ።

ሀሩን ከጋምቤላ ተመልሶ ትናንት ሱቄ ገባ። እስኪቀመጥ እንኳ ሳልጠብቅ "ልጄን አየሃት?" አልሁት።

"አየኋት" አለና ወደ መሬት ተመለከተ።

"ምነው? ታማለች?"

"አልታመመችም። ታስራለች።"

የነገረኝን እንዳለ እጽፍልሻለሁ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ጋዝ ስትገዢ አይቶሻል። ልጅቷ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አጥፋ ትራመዳለች። ግራ እጇ፣ ደህናው እጇ፣ እኔ በሰፋሁት ጓንት ገብቶ እስከ ክርኗ በጨርቅ ተጠምጥሟል። አደናቀፋትና በግንባሯ ወደቀች። የምትደገፍበት እጅ አልነበራትም። አንቺ አጠገቧ ቆመሽ እያየሽ አላነሳሻትም። አንዲት የአኝዋክ ሴት ዓሣዋን ጥላ መጥታ ልታነሳት ስትል "ተያት" ብለሻታል።

ሀሩን አይዋሽም ማለቴ አይደለም፤ ነጋዴ ነው። ግን ይህን ለመፍጠር ምን ያገኛል?

ደህና እጅ ያሰረ ሰው ምን ፈልጎ ነው? እዚህ ካርቱም መስጊድ በር ላይ ልጆቻቸውን ጠማማ አድርገው አስቀምጠው የሚለምኑ አይቻለሁ። በአንቺ ላይ ይህን ማሰብ አልፈልግም። ግን ዝም ስላልሽኝ ሌላ የማስበው አጣሁ። ጠንቋይ ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ? ወይስ ልጅቷ ሰልችታሽ ነው?

እኔ ልጅ የለኝም። ወንድሜ ሞቷል። በዚህ ዓለም የእናቴ ስም የሚጠራው በዚህች ልጅ ነው። ይህን አውቀሽ መልሺልኝ።

ዘሃራ


ጋምቤላ፣ የካቲት 25 ቀን 1986 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዘሃራ።

እግዚአብሔር ጤናዎን ይስጥልኝ። ጓንቱ ቀድሞ ቢደርሰኝም ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ግን ዘግይተው፣ ተከታትለው በአንድ ሳምንት ደረሱኝ፤ ስለዚህ ዝም ያልሁት ንቄዎት አይደለም። ሁለተኛው ተከፍቶ እንደገና የተለጠፈ ይመስላል። ሀሩን ምን ያህሉን እንዳነበበ እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ።

"ሰልችታሽ ነው?" የሚለውን አንብቤ ለሦስት ቀን ደብዳቤዎን አላነሳሁትም። አሁን እውነቱን እጽፍልዎታለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንደወደዱ ይፍረዱ።

ትርንጎ የተወለደችው በከባድ ምጥ ነው። ስትወጣ ጠቁራ ነበር፤ አላለቀሰችም። አዋላጇ ገልብጣ እየመታች ብዙ ደከመችባት። ስታለቅስ ሁላችንም እልል አልን፣ አለፈላት ብለን። በስድስት ወሯ ግን ቀኝ እጇ ተጨብጦ ቀረ። አውራ ጣቷ ከውስጥ ነው፤ ላጥባት ስከፍተው ያልባል፣ ይሸታል። አንዱ መጋኛ ነው አለ። አንዱ የመርፌ ነው አለ። አንዱ ደግሞ እኔን እያየ "የሰው እርግማን ነው" አለ። ጀማል ሰውን ሁሉ ከቤት አስወጣና "ዘሃራ እንዳትሰማ። የእናቴን ስም የያዘች ልጅ ሽባ ናት ብላ በሰው አገር ትሰቀቃለች" አለኝ። ፎቶዎቹን እጇ እንዳይታይ አድርጎ ያስነሳው እሱ ነው። ከሞተ በኋላም ቃሉን ማፍረስ ከበደኝ።

ባለፈው መስከረም አንድ የበጎ አድራጎት ክሊኒክ ኛሩአች የምትባል የኑዌር ሴት አመጣ። ቤቷ ኢታንግ ነው፤ እጅ እግር የማይታዘዛቸውን ልጆች የማለማመድ ሙያዋን የተማረችው እርስዎ ባሉበት ካርቱም ነው። ትርንጎን ምንጣፍ ላይ አስቀምጣ ጠዋቱን ሙሉ ስታጫውታት ዋለች፤ እኔን አንድ ነገር አልጠየቀችኝም። በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፦ "ስትወለድ አየር አጥሯት ጭንቅላቷ ትንሽ ተጎድቷል። እሱ አይመለስም። እጁ ግን አልሞተም። በግራዋ ሁሉን ስለምትችል ቀኙን ትታዋለች። ግራውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እናሳርፈው። ያኔ ቀኙ ሥራ ይፈልጋል።"

እኔም እንደ እርስዎ ነው ያሰብሁት። ያለኝን አንድ ደህና እጅ ልትወስድብኝ ነው አልሁ። ይህች ሴት ማን ናት? በልጄ ልትማርባት ነው ብዬ ሳምንት ያህል አልተመለስሁም። ከዚያ አንድ ቀን ትርንጎ ሁለት እጅ የሚፈልግ ቆርቆሮ ይዛ፣ ልትከፍተው አቅቷት፣ በጥርሷ ስትታገል አየኋትና ተመለስሁ።

የምናደርገው ይህ ነው። ጠዋት ሥራ ሳልገባ፣ ማታም ስመለስ፣ ክንዷን በቅባት አሽላታለሁ። ጣቶቿን በጉልበት አልጎትትም፤ የአውራ ጣቷን ሥር ይዤ ቀስ ብዬ ነው የማላላው። ከዚያ ግራዋን በጓንት አስሬ ከቀኟ በኩል የምትወደውን አስቀምጥላታለሁ፤ ልቃቂት፣ የማንጎ ፍሬ፣ ጠጠር የገባበት ጣሳ። መጀመሪያ ትጮሃለች። ጓንቱን በጥርሷ ትጎትታለች። "እማ ፍቺኝ" ስትለኝ ከሳጥኑ ጋር ተጣብቄ እጄን በእጄ እይዘዋለሁ። ሀሩን ገበያ ላይ ያየው እውነት ነው። ራሷ ቀኟን አውጥታ ትደገፍ እንደሆነ ብዬ ነው የቆምሁት።

ባለፈው እሑድ ምን እንደሆነ ልንገርዎ። የጥሩነሽ ዶሮ ዳቦዋን ልትነጥቃት መጣች። ግራዋ ታስሯል። ትርንጎ ዶሮዋን ገፈተረቻት፣ በቀኟ፣ በተከፈተ መዳፍ። ዶሮዋም ደነገጠች፣ እኔም ደነገጥሁ።

ልመና፣ ጥንቆላ ያሉት ይህ ነው።

የሺአረግ


ካርቱም፣ መጋቢት 30 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለየሺአረግ።

አላህ ልቦናሽን ያብራልሽ። የጻፍሽውን አንብቤ አልቅሻለሁ። ስለ ወንድሜ ያልሽውንም አምኜሻለሁ፤ እሱ እንዲህ ነበር፣ ችግሩን ቀብሮ ከላዩ የሚስቅ።

ሴቲቱን ግን አላመንኋትም። ካርቱም ተማርሁ አለች፤ ካርቱም ደግሞ እኔ አለሁ። ሱቄን ዘግቼ እንዲህ ያሉ ልጆች የሚታከሙበት ቦታ የት እንደሆነ እየጠየቅሁ ሄድሁ። ያለው አንድ ነው፤ የግንብ አጥር ያለው፣ ግቢው ንጹሕ የሆነ ቤት። ዘበኛው ወደ ውስጥ አላስገባኝም፤ ጸሐፊዋን ጠራልኝ።

"ኛሩአች የምትባል የኑዌር ሴት እዚህ ተምራ ነበር?" አልኋት።

ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። "እንዲህ ያለ ስም ሰምቼ አላውቅም" አለች።

"በደንብ አስታውሺ፤ የሕፃን ጉዳይ ነው።"

"እህቴ፣ እዚህ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። የለችም።"

እንግዲህ ሰማሽ። የወንድሜ ልጅ ደህና እጅ የታሰረው በቀጣፊ ቃል ነው። ዶሮ ገፋች ያልሽኝ የሆነ ይሆናል፤ ልጅ ከደነገጠ በእግሩም ይገፋል። ግራ እጇ በታሰረበት ብዛት ደርቆ ቢቀር፣ ያን ጊዜ ሁለቱንም ታጣለች። ያቺን ሴት ማን ብለሽ ትከሺያታለሽ? ስሟ እንኳ የሷ መሆኑን አታውቂም።

ከዛሬ ጀምሮ ያንን ጓንት አውልቂ። ልጅቷንም ላኪልኝ። እዚህ ትልልቅ ሐኪሞች አሉ። ሀሩን በግንቦት ይመጣል፤ ከሚስቱ ጋር ስለሆነ በመንገድ የሚንከባከባት አለ። እስክትድን ድረስ ነው እንጂ ልውሰድብሽ አላልሁም።

ዘሃራ


ጋምቤላ፣ ግንቦት 28 ቀን 1986 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዘሃራ።

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ያሉኝን አድርጌያለሁ፤ አንዱን ብቻ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ኛሩአችን አስቀምጬ ጠየቅኋት። አልደነገጠችም። "እዚያ ስሜ ሜሪ ነበር" አለች። "ስሜን መጥራት አቃታቸው። እኔም ዝም አልሁ።" እኔ ግን እንዲህ አልሁ በልቤ፦ ቀጣፊ መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው። "ከእንግዲህ ቤቴ አትምጪ" አልኋት። ዕቃዋን ሰብስባ ለትርንጎ በቋንቋዋ የሆነ ነገር ብላት ወጣች። ትርንጎ እስከ አጥሩ ተከተለቻት።

ጓንቱን ሳጥን ውስጥ ከተትሁት። ሳምንቱ እንዴት ያለ የሰላም ሳምንት ነበር። ጩኸት የለም፣ "ፍቺኝ" የለም። ሥራ ላይ እንኳ ታይፑ ቀለለኝ። ከዚያ ቀስ በቀስ ቀኟ እንደ ድሮው ወደ ደረቷ ተመለሰ። አውራ ጣቷ እንደገና ከውስጥ ገባ። በቀደም ዶሮዋ መጥታ ዳቦዋን ከቀኟ በኩል ወሰደችባት። ትርንጎ ቀኟን ከደረቷ ሳታነሳ አየቻት።

ሀሩን መጣ። ከረሜላ ይዞ፣ ሚስቱን አስከትሎ፣ ልክ ሙሽራ እንደሚወስድ ሰው። "ልጅቷ የታለች?" ሲለኝ "መቲ ከተማ፣ ዘመድ ጋ ናት" አልሁት። በጥሩነሽ ቤት ከበርሜል ኋላ ተቀምጣ ነበር። አላመነኝም፤ ማታ ተመልሶ መጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ ጆሮውን ጣለ። ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ሰው በሰፈራችን ካለፈ በሬን እዘጋለሁ።

እስክትድን ነው ብለዋል። ይህ በሽታ የሚድን እንዳልሆነ እኔ ጽፌልዎታለሁ። ታዲያ እስከ መቼ ነው?

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ወደዚያ ቤት እንደገና ይሂዱና "ሜሪ" ብለው ይጠይቁልኝ። ውሸት ከሆነ ውሸት ነው ይበሉኝ፤ ዐርፌ እቀመጣለሁ። እውነት ከሆነ ደግሞ፣ እኔን ቢጠሉኝም፣ እንዳይደብቁኝ።

የሺአረግ


ካርቱም፣ መስከረም 8 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለየሺአረግ።

አላህ አዲሱን ዓመት የጤና ያድርግላችሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በሐምሌ ነው። እስካሁን ያልመለስሁት መጀመሪያ ስለተቆጣሁ ነው፤ ኋላ ደግሞ ስለሄድሁ ነው።

ልዋሽሽ አልችልም። ሜሪ ብዬ ስጠይቅ ዘበኛው ራሱ ነው የመለሰልኝ። "ረጅሟ ሜሪ፣ ለልጆቹ የምትዘፍነው?" አለኝ። ካስተማረቻት አሮጊት ሐኪም ጋር አገናኙኝ። "የት ነው ያለችው? በሙያዋ ትሠራለች ወይ?" ብላ ያዘችኝ። ከዚያ አብሬያት ገባሁ።

አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ደህናው እጇ ልክ የእኔን የመሰለ ጓንት ውስጥ ነው። ከፊቷ ቀይ ዶቃ አለ። አለቀሰች። እናቷም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። እኔ አልቻልሁም፤ ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምሁ። ስመለስ ልጅቷ ዶቃውን አንስታ በጣሳ ውስጥ እየጣለችው ነበር። ስትጥለው ጣቶቿ እንደ ሽማግሌ ጣት ይንቀጠቀጣሉ፤ ግን ትጥለዋለች።

አሮጊቷ የነገረችኝን ልብ ብለሽ ስሚ። አንደኛ፣ ግራው አይደርቅም፤ ቀኑን ሙሉ እስካልታሰረ ድረስ። ሁለተኛ፣ ስታኮርፍ ወይ ሲያማት ይፈታ። ሦስተኛ፣ ጓንቱ ባለበት ፈጽሞ አትራመድ፤ ተቀምጣ ብቻ ነው፣ ሰው አጠገቧ ሆኖ። ገበያ ላይ ያየው ነገር ጥፋት ነበር፣ ሀሩን አልዋሸም። ያቺን ሴት ፈልጊያትና መልሺያት። በእኔ ቃል ነውና ያባረርሻት በእኔ ቃል መልሺያት።

በኅዳር እመጣለሁ። በአውሮፕላን እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ማንንም አልክም፤ ራሴ ነኝ የምመጣው።

ዘሃራ


ጋምቤላ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1987 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዘሃራ።

በሰላም ስለገቡ እግዚአብሔር ይመስገን። የላኩት መልእክት በቢሮ ስልክ ደርሶኛል።

እዚህ በነበሩበት ሳምንት ፊት ለፊት ያልተባባልነውን ልጽፍልዎ ነው። "ራሴ ነኝ የምመጣው" ያሉትን ካነበብሁ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። ኛሩአችን ኢታንግ ድረስ ሄጄ ስፈልጋት ሐሳቤ ይቅርታ ብቻ አልነበረም፤ ድንገት ልጅ መደበቅ ቢያስፈልገኝ ብዬ ቤቷንም አይቼ ነው የመጣሁት። እሷ ይቅርታዬን እስከ መጨረሻው አልሰማችውም። "ልጅቷ የት አለች?" ብላ ነጠላዋን አነሳች።

እርስዎ በመጡ በሁለተኛው ቀን፣ ትርንጎን ይዘው ጥሩነሽ ቤት ሲሄዱ፣ ሻንጣዎን ከፈትሁ። ይቅርታ አልልም፤ ከፈትሁት። የልጅ ሹራብ አገኘሁ፣ ወፍራም፣ በእርስዎ እጅ የተሠራ። ካልሲና ሽፍን ጫማም ነበር፣ በልኳ። ጋምቤላ ሹራብ የሚለብስ ልጅ የለም። ያ ሹራብ ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ ለሚያልፉበት ለደጋው ለጎሬ ብርድ ነው። ሁሉንም እንደነበረ አጥፌ መለስሁ። ከዚያ ራት ሠራሁልዎ፣ ዓሣውን እንደሚወዱት አድርጌ። ማታ ማታ የልጅቷን ቀሚስ ጫፍ ከመቀነቴ ጋር ቋጥሬ ነበር የምተኛው።

ሠርክ ሠርክ ግን ሲያዩን አየሁዎት። ኛሩአች ስትመጣ መጀመሪያ ከበሩ ሳይርቁ ቆሙ። ኋላ ተቀመጡ። ረቡዕ ዕለት ጓንቱን ከእጄ ተቀብለው ራስዎ አሰሩላት። አለቀሰች። "ዘሃራዬ ፍቺኝ" አለችዎ። አልፈቱም። ጣሳውን እያንኳኩ ይዘፍኑላት ጀመር፤ የአገራችሁን የወረባቦ ዘፈን። እስክትጨርስ ከአጠገቧ አልተነሱም። እኔ ከጓሮ ሆኜ፣ ልብስ የማጥብ መስዬ፣ ሁሉን ሰማሁ።

ከዚያ አርብ ወደ ወንዝ አብረን ሄድን፤ ቅዳሜ ጠዋት እርስዎ ሻንጣዎን ይዘው ብቻዎን አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሹራቡን አልሰጧትም፤ ከእርስዎ ጋር ሄደ። እኔ እስከ ድልድዩ ማዶ አውቶቡሱ እስኪጠፋ ልጅቷን አጥብቄ ይዤ ቆሜ ነበር። ያመለጥሁ መሰለኝ እንጂ ደስ አላለኝም።

አሁን ትርንጎ ጣሳ በሁለት እጇ ትይዛለች። ቀኟ ይደግፋል እንጂ አይጨብጥም፤ ኛሩአች ከዚህ ብዙ እንዳልጠብቅ ነግራኛለች። ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ከቢሮ ስመለስ ሁለት እጇን አንስታ "እቀፊኝ" አለችኝ። እድሜዋን ሙሉ በአንድ እጇ ነበር የምትለምነኝ። የመጀመሪያዋ ነው። ይህን ሲሰሙ ደስ እንደሚልዎ ስለማውቅ ነው የጻፍሁት።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሊወስዷት ነበር የመጡት። ለምን ሳይወስዷት ሄዱ?

የሺአረግ


ካርቱም፣ የካቲት 14 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለየሺአረግ፣ ለልጄ እናት።

አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ።

ሻንጣዬን መክፈትሽን በዚያው ቀን አውቄዋለሁ። እኔ ሰፊ ነኝ፤ ልብስ የሰው እጅ አጥፎት እንደሆነ እለያለሁ። ዝም ያልሁት እኔም የምናገረው ስለሌለኝ ነበር። አዎ፣ ልወስዳት ነበር የመጣሁት። ሐሙስ ጠዋት አንቺ እንጀራ ስትገዢ ከአውቶቡሱ ሾፌር ጋር ተነጋግሬ ለቅዳሜ ሁለት ቦታ ይዤ ነበር።

አርብ ወደ ባሮ የወረድነው ትዝ ይልሻል። አንቺ ለእኔ ስንቅ የሚሆን ደረቅ ዓሣ ከአኝዋኳ ሴት ስትገዢ ጀርባሽን ሰጥተሽን ነበር። ትርንጎ አሸዋው ላይ ደክሟት ቆመች። እኔ ከአጠገቧ ነኝ፣ ብዘረጋ እጄ ይደርስባታል። ጎንበስ ብዬ "ነይ፣ እኔ ልቀፍሽ" አልኋት። አላየችኝም። ወደ አንቺ ጀርባ እያየች ሁለት እጇን አነሳች። ቀኙ ቀስ ብሎ ነበር የወጣው፣ እስከ ትከሻዋ፤ ጣቶቿም ተከፍተው ነበር። ድምፅ አላሰማችም፤ ዘወር እስክትዪላት ብቻ እንዲያ ይዛው ጠበቀች። ከመዞርሽ በፊት ግን ቀኙ ደከማትና ወረደ፤ አንቺ ያየሽው ግራውን ብቻ ነው።

ያንን እጅ ለማውጣት የለፋሽው አንቺ ነሽ። መጀመሪያ የዘረጋችውም ወደ አንቺ ነው። ማታ ለአንቺ መንገር አቃተኝ፤ ባወጣው የማለቅስ መሰለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አድሬ፣ ጠዋት አንዱን ቦታ ለአንድ መምህር ሰጠሁት። ሹራቡን ጎሬ ላይ፣ አውቶቡስ ተበላሽቶ ብርድ ላይ ስንቆም፣ አንዲት የምትንቀጠቀጥ የሰው ልጅ አለበስኋት።

ስለዚህ የማክሰኞው የመጀመሪያዋ አይደለም፣ የሺአረግ። የመጀመሪያዋ ዓርብ ነበረች፣ ባሮ ዳር። እኔ አይቼዋለሁ።

ዘሃራ